ዓሣ የሌለበት አኳሪየም

እቤቴ የመጣ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ዓሣው የታለ?» ብሎ ነው። ዓሣ የለም። እኔ ቤት ኖሮም አያውቅም። ሳሎኔ ውስጥ፣ ሌላ ሰው ቴሌቪዥን በሚያስቀምጥበት ቦታ ላይ፣ የጨው ውሃ የሞላ የመስታወት ገንዳ አለ፤ ውስጡ አሸዋና አራት ድንጋይ። በቃ። «ለድንጋይ ነው ይሄ ሁሉ መብራት?» ይሉኛል። ድሮ ቁጭ ብዬ ለማስረዳት እሞክር ነበር። አሁን «አዎ፣ ለድንጋይ ነው» እልና ሻዬን እጠጣለሁ።

ገንዳውን የሰጠችኝ ሳንታ ሞኒካ ሆቴል ውስጥ አብራኝ የምትሠራ ሜክሲኳዊት ናት። ዌስት አዳምስ የነበረውን ቤቷን ስትለቅ ዓሣዎቹን ለእህቷ ሰጠች፤ ድንጋዩንና ውሃውን በባልዲ አድርገን ፌርፋክስ እኔ ቤት ድረስ አመጣነው። ውሃው መኪናዬ ውስጥ ፈሶ አንድ ወር ሙሉ ባሕር ባሕር ሲሸተኝ ከረመ። ዓሣውን ቀስ ብዬ እገዛለሁ ብዬ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ መስታወቱን ስወለውል ግን አልለቅ ያለ ነጭ ነጥብ አየሁ። አሸት አሸት ባደርገው ወይ ፍንክች። ለካ ነጥቡ ያለው በውስጥ በኩል ነው። ትንሽ ቆይቶ ተነስቶ ሄደ!

ወይ ጉድ! እኔ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የሆቴል አልጋ እያነጠፍኩ ነጭ አንሶላ ላይ ፀጉር ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከዓይኔ አያመልጥም። ከመሳቢያ ውስጥ የአባቴን አጉሊ መነጽር አወጣሁ። ዳዊታቸውን እንዲያነቡበት ገዝቼላቸው፣ «አሁንስ እሱም አላሳይ አለኝ» ብለው የከተቱት ነው። በሱ ባይ፣ ነጥብ ያልኳት ነገር ጭራዋ ላይ የእንቁላል ከረጢት የተሸከመች፣ ግንባሯ መሐል አንድ ቀይ ዓይን ያላት ሴትዮ ሆና ቁጭ!

«አባባ! አባባ ይምጡ!» ብዬ ጮህኩ።

አባቴ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ መጡ። ያኔ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ የብረት በር ሲበይዱ የኖሩ ሰው ናቸው። የግራ ዓይናቸው የብረት ብናኝ ገብቶበት፣ ሐኪም ሊያወጣላቸው ሞክሮ፣ እኔ ሳልወለድ ነው የጠፋው። የቀኙን ደግሞ ሞራ እየጋረደው ነበር። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ እኔን እንኳ የሚለዩኝ በድምፄ ነበር።

«ምንድን ነው? ምን ሆንሽ?»

«አንዲት እናት አለች እዚህ ውስጥ። እንቁላሏን ተሸክማ ግድግዳ ለግድግዳ ትሄዳለች። ዓይኗ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።»

«አንድ?»

«አንድ። ግንባሯ ላይ።»

«እሰይ! እኔም አሜሪካ ዘመድ አገኘሁ» አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዓሣ የመግዛት ሐሳብ ጠፋ። ሺፍቴን ጨርሼ፣ ፓርኪንግ ፍለጋ ስዞር ቆይቼ ስገባ፣ እጄን ታጥቤ መሬት ላይ ቁጭ እላለሁ፤ እሳቸው ሶፋው ላይ። መጀመሪያ ለአምስት ደቂቃ ምንም አይታይም። ድንጋይ ድንጋይ ነው፣ አሸዋም አሸዋ ነው። ትንሽ ሲቆይ አንዱ ቀዳዳ ውስጥ ክር የመሰለ ክንድ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ባዶ የመሰለኝ ድንጋይ ሁሉ ሰው በሰው ይሆናል። ያን ጊዜ የሚሰማኝን ደስታ ምን ልበለው? የደከመው ወገቤ ይረሳኛል። ሱፐርቫይዘሬም ይረሳኛል።

«ሰውየውስ?» ይላሉ አባቴ።

ሰውየው ማለት ከትልቁ ድንጋይ ሥር የሚኖር፣ ጀርባው የጎበጠ፣ እግሩ የበዛ፣ ሽሪምፕ መሳይ ፍጡር ነው። ሚስቱን ሆዱ ሥር አቅፎ ይዟት ይዞራል።

«ዛሬም አልለቀቃትም።»

«ሦስተኛ ቀኑ እኮ ነው!»

«ሦስተኛ።»

«ኧረ ይሄስ ቅናት ነው። ሽማግሌ ይግባበት እንጂ!»

ዓይናፋሯም አለች። ድንጋዩ ላይ ከተለጠፈ ጠምዛዛ ነጭ ቱቦ ውስጥ የምትኖር ትል ናት፤ ራሷ ላይ ላባ የመሰለ ማራገቢያ ዘርግታ ትቀመጣለች። የእጄ ጥላ ካረፈባት እልም ብላ ገብታ በሯን ትዘጋለች። አባቴ ይቺን አይወዷትም። «እንግዳ የሚያሸሻት ቤቷ ሳይጠረግ ነው» ይሏታል። አንድ ቀን ደግሞ ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ቀመሱና «ይሄ ወጥ ቢሆን ባለሙያዋን ያስባርር ነበር» አሉኝ። እንደዚህ ሆነን ከረምን። የሰፈር ወሬ ነው እንግዲህ፤ ማን ወለደ፣ ማን ቤት ቀየረ፣ ማን ከማን ተጣላ። እኔ አያለሁ፣ እሳቸው ይፈርዳሉ።

ከሁሉ የሚወዷት ግን ድንጋዩ ላይ የምትድኸውን፣ የኮከብ ቅርጽ ያላትን ነጭ ፍጡር ነበር፤ ነጯ ኮከብ እንላታለን። አንድ ቀን አምስት ከነበረው ክንዷ አንዱ ተቆርጦ አየሁና ነገርኳቸው። አዘኑ።

«ግን መልሳ ታበቅለዋለች አሉ» አልኳቸው፤ ኢንተርኔት ላይ አንብቤ ነበር።

«የጠፋ ነገር መልሶ ይበቅላል?»

«ይበቅላል።»

«እስቲ እናያለን» አሉ። እናያለን ነው ያሉት።

አሁን ወደ ጸባችን ልምጣ። የዓይን ሐኪሟ ሞራው እንደሚነሳ፣ በቆየ ቁጥር ግን ሥራው እየከበደ እንደሚሄድ ነግራናለች። አባቴ «የቀረችኝ አንዲት ናት፤ ማንም አይነካትም» ብለው ድርቅ አሉ። ሁለት ጊዜ አፖይንትመንት አስያዝኩ፤ ሁለት ጊዜ ካንስል አስደረጉኝ። የኮከቧ ክንድ በተቆረጠ ማግስት ለሦስተኛ ጊዜ ያስያዝኩትንም ደውለሽ ሰርዢልኝ ሲሉኝ ደሜ ፈላ። እኔ ግልፍተኛ ነኝ፤ አልደብቅም።

«እንግዲያው ወሬም የለም!» አልኳቸው። «የሰፈሩን ወሬ የፈለገ በገዛ ዓይኑ ማየት ነው!»

የቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኔ ግን የምሬን ነበር። በማግስቱ ገብቼ ቁጭ አልኩና አጉሊውን ይዤ ዝም። «ኮከቧስ?» አሉ። ዝም። «እሺ ሰውየውስ፣ ለቀቃት?» ዝም። ሰውየው ለቋት ነበር፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ሁለት ሳምንት እንዲህ ከረምኩ። ሽማግሌ ሰው ላይ እንዲህ ይጨከናል? እኔ ጨከንኩ። ለሳቸው ብዬ ነው እያልኩ።

አንድ ቀን ሆቴሉ ሥራ ቀዝቅዞ ቀድሜ ወደ ቤት ተመለስኩ። በሩን ስከፍት አባቴ ገንዳው ፊት ተንበርክከዋል። ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው፣ ያቺን አንዲት ዓይናቸውን አጥብበው አስጠግተዋል። መስታወቱ በትንፋሻቸው ጉም ለብሷል፤ በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉና መልሰው ይጠጋሉ። ቦርሳዬን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

«መብራቱ ብቻ ነው የሚታየኝ» አሉ ወደ እኔ ሳይዞሩ። ለካ ሰምተውኛል። «በይ ቀኑን አስይዢልኝ።»

ያን ቀን ሁሉን ልነግራቸው ስሮጥ «ተዪው፤ ከእንግዲህ ራሴ ነኝ የማየው» ብለው ከለከሉኝ። እኔ በልቤ ምን አልኩ? እሰይ፣ አሸነፍኩ!

ክሊኒኩ ዌስትቼስተር ነው፤ አውሮፕላን በላያችን ያልፋል። ወንበር ላይ ተቀምጠን ተራችንን ስንጠብቅ አባቴ እጄን ያዙኝ፤ እጃቸው በረዶ ሆኗል፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ይሄ ኤሲ ምን ነካው ብዬ ሹራቤን አውልቄ ደረብኩላቸው። ከዚያ ስማቸው ተጠራና ገቡ።

በማግስቱ ሐኪሟ መሸፈኛውን አንስታ ጣቶቿን ዘረጋችላቸው። ስንት ነው የምትለውን ተርጉሜ ነገርኳቸው። «ሦስት ነው በያት፤ ቀለበቷም ያምራል» አሉ። መኪና ውስጥ ገብቼ መሪውን ይዤ አለቀስኩ። «ጨርሺና ትነጂያለሽ» አሉኝ፤ በመስኮቱ መንገደኛውን እያዩ።

እቤት እንደገባን ቀጥታ ወደ ገንዳው ሄዱ። ወንበር አቀረብኩላቸው። አዩ። ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ።

«የታሉ?»

«እነዚህ ናቸው አባባ።»

«የቶቹ?»

«መስታወቱ ላይ ነጥብ ነጥብ የሚሉት። ያቺኛዋ ዘመድዎ ናት።»

ጣታቸውን ከነጥቧ ጎን አድርገው ለኩ። እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ስለ ባልና ሚስቱ፣ ስለ እናቲቱ፣ ስለ ዓይናፋሯ ያን ሁሉ ስተርክ፣ ትንንሽ ናቸው ብያቸዋለሁ፤ ግን የብረት በር ሲሠራ ለኖረ ሰው ትንሽ ማለት ጫጩት ነው። አባቴ በአእምሯቸው ጫጩት ጫጩት የሚያካክሉ ጎረቤቶች ሲያኖሩ ከርመዋል። እና ለዚህ ነጥብ ነው የቀረቻቸውን ዓይን ለቢላ የሰጡት። እፍረት ከእግሬ እስከ ራሴ ወረረኝ። አሁን ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ።

እጃቸውን ዘረጉ። አጉሊ መነጽሩን ሰጠኋቸው። ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ደንግጬ ቀረብ ብል እየሳቁ ነው።

«አንድ ዓይን! እውነትም ግንባሯ ላይ!»

ወደ ድንጋዩ ዞሩ። ነጯን ኮከብ ራሳቸው አገኟት። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ክንዶቿን ቆጠሩ፣ መልሰው ቆጠሩ። ከዚያ መነጽሩን ዝቅ አድርገው ዞረው አዩኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ መሆኑ ነው፤ ፊቴን፣ ሽበቴን፣ ሁሉን።

«አንቺ ልጅ» አሉ ቀስ ብለው። «ይቺን የምታክል ነጥብ ሁሉ አይተሻል። እኔ ያን ቀን በፍርሃት ስንቀጠቀጥ ግን ሹራብ ነው ያለበስሽኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ አባባ» አልኩ።

«ሹራቡም ደግ ነበር» አሉ። ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝና አጉሊውን እጄ ላይ አስቀመጡት። «በይ ተራሽ ነው። እኔ አራት ተኩል ክንድ ነው ያገኘሁት፤ ተሳስቼ እንደሆን እይልኝ።»

መሬቱ ላይ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። አራት ተኩል ነው።