ዴትሌፍ ያልተነሳው ፎቶግራፍ

ዴትሌፍ ሃርምሰን በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ተዋጊ አይሮፕላን አብራሪ ከመሆኑ በፊት በሰሜን ባሕር ዳር፣ እናቱ ቤት፣ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። እኔ ሎሬንዝ የአይሮፕላኑ መካኒክ ነበርኩ፤ በዕድሜ አባቱ እሆናለሁ። አብረን በኖርንባቸው አሥራ አንድ ወራት ሞተሩን ለእኔ ቢተውም፣ በጥይቱ ግን ማንንም አያምንም ነበር። ጠዋት ጠዋት ሳጥን ላይ ተቀምጦ እያንዳንዷን ጥይት በቀለበት መለኪያ እያሳለፈ ይለቅማል። አንዲት ጠማማ ጥይት አየር ላይ መትረየሱ ውስጥ ከተቀረቀረች አብራሪው ሞቱን መጠበቅ ነው። እኔም ምስር ለቃሚ እያልኩ እተርበው ነበር።

አራት አይሮፕላን ጥሏል። ጓደኞቹ ሲቀናቸው ወይን ይከፍታሉ፤ እሱ የመጀመሪያውን የጣለ ዕለት እራቱን ሳይነካ ተኛ። በማግስቱ የሟቹን እንግሊዛዊ መቃብር ፎቶ አስነሳ፤ በትንሽ ከረጢት አድርጎ ከአየር የእንግሊዞቹ ጦር ሰፈር ላይ ጣለላቸው።

«እናት ትኖረዋለች» አለኝ።

የእሱም እናት በየደብዳቤው የሚለምኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፎቶህን ላክልኝ። የሕፃንነቱ እንኳ የላቸውም። በግንቦት አንድ ፎቶ አንሺ ሰፈራችን ድረስ መጣ። ዴትሌፍ ጸጉሩን በውሃ አስተኝቶ ክንፉ አጠገብ ቆመ፤ ሞተሩ ሞቋል። ሊበር ሲል ፎቶ የተነሳ አይመለስም የሚለውን ደግሞ እኛ ዘንድ የማያውቅ የለም። ባለፈው ዓመት ሁለት አብራሪዎች እንዲያ ሆነው ሲቀሩ በዓይኔ አይቻለሁ። ፎቶ አንሺውን ካሜራህን ሰብስብልኝ ብዬ ጮህኩበት።

«አጎቴ፣ ለእማዬ እኮ ነው» አለ ዴትሌፍ።

«ስትመለስ ትነሳለህ። ሂድ አሁን።»

ባልቴት ሆነሃል ብሎ ሳቀብኝና ወደ አየር ወጣ። ፎቶ አንሺው እስኪመሽ ጠበቀው። እኔም ጠበቅኩት።

በሦስተኛው ቀን አንድ የእንግሊዝ አይሮፕላን ዝቅ ብሎ ከረጢት ጣለልን። ውስጡ የመቃብር ፎቶ ነበረበት፤ የእንጨት መስቀል፣ የዴትሌፍ ስም ሳይዛነፍ ተጽፎበታል፣ ሥሩ አበባ አለ።

ፈቃድ ወስጄ ለእናቱ ራሴ አደረስኩላቸው። ወይዘሮ ቪብከ ዱቄት የነካ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ተቀበሉኝ። ፎቶ እንዳይነሳ የከለከልኩት እኔ መሆኔን ሳልደብቅ ነገርኳቸው፤ አንገቴን ደፍቼ እርግማናቸውን ጠበቅኩ። አፍሬ ነበር፤ ልጁንም እወደው ነበር።

የመቃብሩን ፎቶ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወንበር ሳቡልኝ።

«እንዲመለስ ብለው ነው የከለከሉት» አሉኝ። «እኔ ካየሁት ዓመት አልፎኛል። እርስዎ በየቀኑ አይተውታል። እስቲ ይንገሩኝ፤ ጢም አብቅሎ ነበር?»

«ትንሽ» አልኩ። «ቀላ ያለች።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ይቀጥሉ» አሉኝ።