እንድሬ ሽንቱን እስኪናገር

ልጅ ሳለሁ ጀርባዬ ደርቆ አያውቅም ነበር። አባቴና እናቴ ማሽላው ውስጥ ሲውሉ ወንድሜን እንድሪስን የማዝለው እኔ ነበርኩ፤ ያን የመሰለ የራያ ፀሐይ እያለ እንኳ አንዱ ሽንት ሳይደርቅ ሌላው ይደረብበታል። የሰፈር ልጆች «ሽንታሟ መጣች» ይሉኛል። ያኔ በሰው ፊት ቃል የማላወጣ ልጅ ስለነበርኩ፣ የሸናው እሱ ነው ብዬ እንኳ አልመልስላቸውም።

በዚያ ዓመት ሮቢት አጠገብ ባለችው መንደራችን ዳስ ተጣለና የመሠረተ ትምህርት ተጀመረ። ትልልቅ ሰዎችም ልጆችም ከሰዓት በኋላ ሰሌን ላይ ተቀምጠው ፊደል ይቆጥራሉ። እኔም እንድሬን አዝዬ ሁለት ቀን ገባሁ። በሁለተኛው ቀን ሰሌኑን ከዳር እስከ ዳር አረጠበው። አስተማሪያችን ከከተማ የመጣች ወጣት ነበረች፤ አልተቆጣችም። «እህቴ፣ ሰሌኑ የሁሉም ነው። ልጁ ሽንቱን መናገር ሲጀምር ይዘሽው ነይ» አለችኝ። መቼ እንደሚጀምር ግን ማንን ልጠይቅ? ሰው ሁሉ እየሳቀ ስለነበር አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ከማግስቱ ጀምሮ ላስተምረው ተነሳሁ። እናቴ ስታደርግ እንዳየሁት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ፣ እግሮቼን ገጥሜ እላያቸው ላይ አስቀምጠውና ከንፈሬ እስኪደርቅ «ሽሽሽ» እላለሁ። እሱ የእግሬን ጣት ይዞ ይጫወታል፤ ይስቃል። ሲሰለቸኝ አነሳዋለሁ፤ ያን ጊዜ ቀሚሴ ላይ ይለቀዋል። አንድ ሁለቴ ቂጡን መታሁት። ከዚያ በኋላ እግሬ ላይ ላስቀምጠው ስል እንደ እንጨት ድርቅ እያለ ማልቀስ ጀመረ።

ትምህርቱ እያመለጠኝ ነው። ዳሱ አጠገብ ሳልፍ ሰዎቹ ፊደሉን ባንድ ድምፅ ሲሉ እሰማና እርምጃዬን አዘገያለሁ። በመጨረሻ አንድ ዘዴ መጣልኝ። የማይጠጣ ልጅ ከየት አምጥቶ ይሸናል? ውሃ ከለከልኩት። ቅሉን ባየ ቁጥር እጁን ይዘረጋል፤ እኔ ቅሉን ከኋላዬ እደብቃለሁ። እናቴ ከእርሻ ስትመለስ ጠጥቷል እላታለሁ። እውነትም ጀርባዬ ደረቀ፤ ደስ አለኝ።

ጎረቤታችን አባ ይማም ድሮ በግመል ወደ አፋር ወርደው ጨው ያመላልሱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። እሸት ሲደርስ ፀሐይ ጥልቅ ስትል ደጃቸው ላይ የኩበት እሳት አንድደው የማሽላ እሸት ይጠብሱልናል፤ እሸቱ እስኪበስል ተረት ያወራሉ። ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ ፍሙ ፊታቸውን እያቀላው እንሰማለን። ውሃ በከለከልኩት በሁለተኛው ቀን ማታም እንድሬን አዝዬ ከዳር ተቀመጥኩ። እሸት ሲያይ የሚንጠራራው ልጅ ያን ቀን አንገቱን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ ዝም አለ።

አባ ይማም ከጀርባዬ አወረዱት። ከንፈሩን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ዘሃራ፣ ይኼ ልጅ ውሃ መቼ ጠጣ?»

ደግመው አልጠየቁኝም። ቅል አስመጥተው ጉንጭ ጉንጭ እያደረጉ፣ ትንሽ እያሳረፉ አጠጡት። ልጁ ቅሉን በሁለት እጁ ይዞ አልለቅም አለ። ያኔ ያለቀስኩትን ለቅሶ ጭሱ ሸፈነልኝ።

ከዚያ እንድሬን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተረታቸውን ጀመሩ። አንድ ነጋዴ ነበር አሉ፤ አህያው ውሃ ባየ ቁጥር እየቆመ፣ በጠጣ ቁጥር ለሽንት እየቆመ ከባልንጀሮቹ ወደ ኋላ አስቀረው። ነጋዴው ተናደደና ውሃ ባለበት ሁሉ ሳያጠጣ እየጎተተ አሳለፈው። አንድ ቀን ቀደመ፤ ሁለተኛውንም ቀን ቀደመ።

«በሦስተኛው ቀንስ?» አለ አንዱ ልጅ።

«በሦስተኛው ቀን ባልንጀሮቹ ገበያ ገብተው፣ ሸጠው፣ በልተው ጥላ ሥር ተኝተዋል። ወደ ማታ አንድ ሰው ጨው ተሸክሞ ብቅ አለ። አህያውስ ቢሉት፣ እኔ ነኝ አላቸው።»

ልጆቹ በሳቅ ተንከተከቱ። አባ ይማም እነሱ እሸቱን ሲሻሙ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ወላሂ፣ ሰባት ልጅ አሳድጌ ባንዱም አልቸኮልኩም» አሉኝ። «ከእንቅልፉ ሲነሳ ዳብሺው። ደርቆ ካገኘሽው ጊዜው ቀርቧል። ጨዋታውን ትቶ ጥግ ይዞ ዝም ካለም ያን ጊዜ ነው፤ ያኔ ውሰጂው። እምቢ ካለ ተይው፣ ነገም ቀን ነው። መምታት ግን የለም።»

እናቴም ሰማች። አልመታችኝም፤ ግን ለብዙ ቀን ቅሉን ከእጄ ተቀብላ ራሷ ታጠጣው ነበር። ከመመታት ይልቅ ያ አመመኝ።

ማሽላው ታጨደ፤ የዚያ ዙር ትምህርትም ያለ እኔ አለቀ። እኔ በየቀኑ እንድሬ ከእንቅልፉ ሲነሳ እዳብሰዋለሁ፤ እርጥብ ነው፣ እተወዋለሁ። አገዳው ተከምሮ ከብቶች መብላት ከጀመሩ በኋላ አንድ ቀን ደርቆ ነቃ። በማግስቱም ደረቀ። ከዚያ ክምሩ ሥር ገብቶ፣ ፊቱን አኮሳትሮ ዝም ሲል አየሁት። እግሬን ገጥሜ ተቀመጥኩ፤ ራሱ መጥቶ ተቀመጠበት። ሲጨርስ ዞር ብሎ የሠራውን አይቶ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩለት።

ሌላ ዙር ሲከፈት ይዤው ገባሁ። እሱ ከዳሱ ውጭ አፈር ይጫወታል፣ እኔ ፊደል እቆጥራለሁ። አንድ ቀን ሁሉም ፀጥ ብሎ ሲጽፍ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። እግሮቹን አጣብቆ እኔን ያያል። ዝም ካልኩ እዚያው ይለቀዋል፤ ሁለተኛ ከወጣሁም መመለሴን እንጃ። ልቤ እየመታ ብድግ አልኩና «እትዬ፣ ወንድሜ ሽንቱ መጥቷል» አልኩ።

«ለካ ይቺ ልጅ አፍ አላት» አለ ከኋላ አንድ ጎልማሳ። ዳሱ ሙሉ ሳቀ። አስተማሪዋም ሳቀችና፣ «ሂጂ፣ ግን ተመለሺ» አለችኝ።

የቁልቋሉ አጥር ጋ ወስጄ አሸናሁት፤ ተመለስኩም።

ከዳሱ ትምህርት ቤት ገብቼ ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ። እንድሬ ይህን ሳወራ ከሰማ እያፈረ ይሸሻል። እኔም አሁንም ክፍል ውስጥ ለመናገር ስነሳ ልቤ ይመታል፤ መምታቱን የሚተው አይመስለኝም። ልቤ እየመታ መናገር እንደምችል ግን ያን ቀን አውቄያለሁ።