አርኖልድ ፋስት ነው

ኖራ ሄይግን ሠላሳ ዓመት አውቃታለሁ። እኔ በከሰል ማውጫው መብራት ክፍል ወደ ጉድጓዱ ለሚወርዱት ፋኖስ ስሰጥ፣ እሷ ከግድግዳው ማዶ ስልከኛ ነበረች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ሴት። በወጣትነቷ ከንፈሯን ቀለም ተቀብታ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትጨፍር የሰፈሩ ሴቶች «ፋስት ናት» እያሉ ያሟት ነበር፤ ዓይን አውጣ ናት ማለታቸው ነው። እሷ ግን ከቁም ነገር አልቆጠረቻቸውም።

እኛ የሰሜን እንግሊዝ ዮርክሸሮች «ፋስት» የሚባለውን ይህን የእንግሊዝኛ ቃል ያለ ርኅራኄ ነው የምናሠራው። የሚሮጥ ሰው ፋስት ነው። ሰዓት ከቀደመ ፋስት ነው። በር ከተቀረቀረ፣ ጨርቅ ታጥቦ ቀለሙ ካልለቀቀ፣ ሰውን እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ከወሰደው፣ ሁሉም ፋስት ነው። ካቶሊኮቹ ሲጾሙም እሱው ነው። ከመሬት በታች ግን ሌላው ሁሉ ይቀርና አንዱ ብቻ ይተርፋል፦ ተይዟል፣ መውጣት አቅቶታል። እግሬ ፋስት ነው ያለ ሰው ድንጋይ ተጭኖታል። ደቡቦቹ ይህችን የእኛን ትርጉም አያውቋትም። ሰውየው ፋስት ነው ካልካቸው ሲሮጥ ነው የሚታያቸው።

ሚስተር ፔልሃም ከደቡብ ነበር የመጣው። ምክትል ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ሲመጣ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ለእኔም ይቀለኝ ነበር። ኖራ መጀመሪያ ላይ ከታች የሚመጣውን መልእክት እሱ በሚገባው እንግሊዝኛ እያቃናች ትጽፍለት ነበር። አንድ ቀን ስታቃና ነገሩን አዛባችውና ተቆጣት። «ሰውየው ያለውን ጻፊ። ከራስሽ አንዲት ቃል አትጨምሪ» አላት። ከዚያ ወዲህ ያለችውም የጻፈችውም የሰዎቹን ቃል ብቻ ነው።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ካለቀ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር፤ ወሩ ጥር፣ በረዶው እስከ መስኮት። የስድስት ቁጥር አዲሱ ዋሻ ቁፋሮ ወደ ኋላ ቀርቶ ስለነበር ፔልሃም ሳምንቱን ሙሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የስድስት ቁጥር ሰዎች ይፈጥናሉ ወይስ ይጎተታሉ? እዚያ ቡድኑን የሚመራው የኖራ ታናሽ ወንድም አርኖልድ ነበር፤ ከእሷና ከእናታቸው ጋር በአንድ ቤት ይኖራል።

ሐሙስ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። የአርኖልድ የሥራ ጓደኛ ዊልፍ ላም ነው።

«ኖራ፣ ለሚስተር ፔልሃም ንገሪው። ስድስት ቁጥር ላይ አርኖልድ ፋስት ነው።»

«ክፉኛ ነው?»

«እያወራ ነው፣ እህቴ። አይዞሽ።»

ዊልፍ ይህን ብሎ ወደ ጓደኛው ተመለሰ። አርኖልድ እስከ ወገቡ ድረስ ድንጋይ ስር መሆኑን አልነገራትም፤ እህቱ ናትና ጨክኖ መናገር አቃተው። ደግሞም ከዚያ በላይ መናገር አያስፈልግም ነበር። በእኛ ጉድጓድ ያቺን ቃል የሰማ አለቃ ሳይጠይቅ ሰው ከነክሪኩና ከነሐኪሙ ያወርዳል። በየሳምንቱ አንድ ሰው ፋስት ይሆናል፣ ይወጣል፣ ማታ መጠጥ ቤት ይሳቅበታል።

ኖራ «ስድስት ቁጥር፤ አርኖልድ ፋስት ነው» ብላ ጽፋ ወረቀቱን ራሷ ወስዳ ለፔልሃም እጁ ላይ ሰጠችው። አነበበው። «መልካም፣ አመሰግናለሁ» አለና ኪሱ ከተተው። እሷም ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ዊልፍ እንደገና ደወለ። አሁን ድምፁ ሌላ ነበር። «ሰዎቹ የት ደረሱ?» አለ። የኖራ ወንበር ሲወድቅ በግድግዳው በኩል ሰማሁት። ፔልሃምን ከምሳ ጠረጴዛ ላይ አገኘችው፤ ነገሩ ሲገባው ፊቱ አመድ ሆነ፣ ሹካውን እንደያዘ ነው የሮጠው። ስድስት ሰው ወረደ። ድንጋዩን በክሪክ ሲያነሱለት አርኖልድ ሞተ። ሐኪሙ ሩብ ሰዓት ብትቀድሙ እግሩ ይቆረጥ ነበር እንጂ ይተርፍ ነበር አለን። ይህን ለምን እንደነገረን እስካሁን አይገባኝም።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የኖራ ግን ወለምታም አልነበረም፤ ትክክለኛውን ቃል ነው የጻፈችው። ለዚህ ነው የሚያንገበግበኝ።

የሞቱ ምርመራ በጸሎት ቤቱ አዳራሽ ተደረገ። ፔልሃም ያነበበውን፣ የመሰለውን ሳይደብቅ ተናገረ፤ ቃሉን አርኖልድ እየፈጠነ ነው የሚል የምሥራች አድርጎ ነበር የወሰደው። የኩባንያው ጠበቃ ጥፋቱ የስልከኛዋ እንደሆነ አድርጎ ማውራት ጀመረ። የሠራተኛ ማኅበሩ ሰው አስቀድሞ ኖራን መክሯት ነበር፦ ሌላ ትርጉም እንዳለው አላሰብኩም በይ፣ ቃል በቃል ጻፊ ብለውኛል በይና ተቀመጪ። እኛም ሁላችን እንደዚያ እንድትል በልባችን እየለመንን ነበር። ይህን ካለች ማንም አይነካትም።

መርማሪው ዳኛ ሽማግሌ ነው፤ በደግነት ጠየቃት። «ወይዘሪት ሄይግ፣ ቃሉን ሚስተር ፔልሃም በሌላ መንገድ ሊረዱት እንደሚችሉ አስበው ነበር?»

«አስቤ ነበር» አለች።

ከኋላዬ ሰው ሲተነፍስ ሰማሁ።

«ተይዟል ብዬ ልጻፍ ብዬ እርሳሴን ቆም አደረግሁ። ከራስሽ አትጨምሪ ያሉኝ ትዝ አለኝና ተውኩት።» ዳኛው ሊያስቀምጣት እጁን አነሳ፤ እሷ ግን አልጨረሰችም። «ከዚያ ሚስተር ፔልሃምን በመስኮት አየኋቸው። እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ወደ ምሳ ሲሄዱ። ሰው ልከው ባይሆን እንዲህ አይረጋጉም ነበር አልኩ። ልቤ መለስ ሲልልኝ ሻይ ቀዳሁ።»

ዳኛው ድንገተኛ አደጋ ነው ብሎ ፈረደ፤ ማንንም ጥፋተኛ አላለም። ፔልሃምን በወሩ ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩት።

እናትና ልጅን ቤት ያደረስኩት እኔ ነኝ። እናቲቱ ሃና በአዳራሹ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ሁሉን ሰምታለች። ወጥ ቤቱ ውስጥ ጥቁር ባርኔጣዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እኔ ለመሰናበት በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«የዚያን ቀኑን ሻይ ጨረስሽው?» አለቻት።

ኖራ ኮቷን እንደለበሰች ነበር። «አዎ፣ እማዬ» አለች። «እስከ ጭላጩ።»

እናቲቱ ራሷን ነቀነቀችና ደረጃውን ይዛ ወጣች። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ሁለቱ ብቻቸውን አሥራ አንድ ዓመት ኖሩ።