ጫሞ ላይ የተረሳው መረብ

በቅርቡ ያረፉት አጎቴ ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ዓሣ ፍለጋ የሚጠልቁ ወፎች መረባቸው ውስጥ ታፍነው እንዳይሞቱ፣ እሁድ መረቡን የሚያይ ስለማይኖር ሰንበት ሳይገባ ያወጡት ነበር።

በሰማንያዎቹ አንድ እሁድ ግን ረሱት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ስብከቱ መሃል ትዝ ሲላቸው ተነሥተው ወጡ። እኔ በኀፍረት አንገቴን ደፋሁ። ሲመለሱ ሱሪያቸው እርጥብ ነበር።

«አጎቴ፣ ስብከት አቋርጠው?»

«ጌታ ይታገሠኛል፣ ልጄ። የታፈነች ወፍ ግን እስከ አሜን አትቆይም።»

«ደረሱላት?»

«ሁለት ነበሩ። አንዷ በረረች። አንዷ አልቆየችኝም» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

አሁን ቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ባዶ ነው፤ ልጆቼም አይቀመጡበትም። ያን ቀን ስላፈርኩባቸው ጌታ ይቅር ይበለኝ። ለወፍ የሚሮጥ አጎት ስለሰጠኝ አመሰግነዋለሁ።