ጠያቂ የሌላት ልጅ

ለተክርስቶስ የገረድ ደላላ ነበረች። አፍንጮ በር ሁለት ክፍል ቤት አላት፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወርዳ ከገጠር በጭነት መኪና ተሳፍረው የሚመጡትን ልጃገረዶች ትጠብቃለች። ወዴት እንደሚሄድ ግራ የገባውን ሰው ከሩቅ ትለየዋለች። እሷም ልጅነቷን በሰው ቤት ያሳለፈች፣ ጠላት በወጣ በዓመቱ ባሏ ሞቶባት በዚህ ሥራ ራሷን የቻለች ሴት ናት። ከአራዳ እስከ አምስት ኪሎ ያሉ እመቤቶች «ለተ ያመጣቻት ልጅ እጇ ንጹሕ ነው» ይሉላት ነበር።

በ1948 ዓ.ም. መስከረም ላይ አቶ እሸቴ የሚባል ነጋዴ አስጠራት። አምስት ኪሎ ትልቅ የድንጋይ ቤት አለው፤ ሚስቱ ታማ አልጋ ላይ ከዋለች ዓመት አልፏል። በረንዳው ላይ ቆሞ፣ ቁጭ በይ ሳይላት፣ የሚፈልገውን ነገራት።

«ጠንካራ ትሁን። ደግሞ ዘመድ የሌላት ትሁን።»

«ምነው ጌታዬ፣ ዘመድ ምን አደረገዎት?»

«ዛሬ ሠርግ ነው፣ ነገ ለቅሶ ነው እያሉ ይወስዷታል። እኔ የምትረጋ ነው የምፈልገው። የድለላሽን እጥፍ እሰጥሻለሁ።»

ነገሩ ቅር አሰኛት። ግን ክረምቱ ከብዷት ነበር፤ ጣራዋም ያፈስ ነበር። እሺ ብላ ወጣች።

በሦስተኛው ቀን አባይነሽን አገኘቻት። አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ድልድዩ ጥግ ቆማ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ «ጤና ይስጥልኝ» ትላለች፤ የሚመልስላት የለም።

«ከተማ ውስጥ ሰው አለሽ?»

«የለኝም እማማ። እናቴም አባቴም ሞተዋል።»

ለተክርስቶስ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። በኋላ ከሁሉም በላይ ያንገበገባት ያ ደስታ ነው።

ልጅቷን ሁለት ቀን ቤቷ አሳድራ አቶ እሸቴ ቤት ወሰደቻት። ሌሊት ሌሊት ደረቅ ሳል ያስላት ስለነበር የዝንጅብል ሻይ አፍልታ አጠጣቻት። ሲለያዩ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ጊዮርጊስ ደጃፍ ላይ ሊገናኙ ተነጋገሩ። የመጀመሪያው እሑድ አባይነሽ አልመጣችም። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ አለፈ። በጥቅምት መጨረሻ ለተክርስቶስ አላስችል ቢላት ወደ አምስት ኪሎ ሄደች። ዘበኛው በሩን ገርበብ አደረገ።

«ልጅቷ ጠፍታለች» አላት።

«መቼ?»

«ቆየች» አለ መሬት መሬት እያየ፤ በሩንም ዘጋው።

ለመሄድ ዞር ስትል ከጓሮ ልብስ ድንጋይ ላይ ሲመታ ሰማች። ከዚያ ሳል ተከተለ። ያንን ሳል ታውቀዋለች።

በዚያው እግሯ ወደ ንስሐ አባቷ ወደ አባ ወልደገብርኤል ሄዳ አለቀሰች። ቄሱ እስክትጨርስ አዳመጧት።

«እና ምን ልታደርጊ አሰብሽ?»

«ሻማ ላብራላት አባቴ። እርስዎም ይጸልዩላት።»

«ሻማው ይቆይ» አሉ ቆጣ ብለው። «ደካማን መበደል በዱላ መምታት ብቻ ይመስልሻል? ጠያቂ እንደሌላት እያወቅሽ፣ ያንኑ ጠያቂ ማጣቷን መጠቀሚያ አደረግሽው። ክርስቶስ ከማን ጋር ተቆጥሮ የተገኘ ይመስልሻል? እንዲህ ካሉት ጋር ነው። እኔ እጸልያለሁ። አንቺ ግን ሄደሽ አውጫት።»

አቶ እሸቴ በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤልን ይዘክራል። የዚያን ዕለት በሩ ለድሃ ሁሉ ክፍት ነው። ለተክርስቶስ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ከነዳያን ጋር ገባች። ድሆቹ ሣሩ ላይ በረድፍ ተቀምጠው ይበላሉ፤ በረንዳው ላይ ካህናትና የከበሩ እንግዶች አሉ። በቤቱ ጎን ሾልካ ወደ ጓሮ ስትታጠፍ ከዘበኛው ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ሰውየው አያት፣ ዞሮ ወደ በሩ ተመለከተ።

«ቶሎ በይ» አላት በቀስታ።

አባይነሽ ገንዳ ላይ አጎንብሳ ነበር። እጇ በሳሙና ተላልጧል። ከኋላዋ ጠባብ ክፍል አለ፤ መቀርቀሪያው በውጭ በኩል ነው። ቀና ብላ ስታያት አልጮኸችም።

«ትታሻለች አሉኝ» አለች። «እኛ ካላበላንሽ ማን አለሽ አሉኝ።»

«ተነሺ።»

«ነጠላዬ ተቆልፎበታል…»

«ተይው። ተነሺ ልጄ።»

መውጫው በፊት ለፊት ብቻ ነበር። ከድሆቹ ረድፍ መካከል እንደደረሱ የአቶ እሸቴ ድምፅ ከበረንዳው መጣ።

«ቁሚ! ወዴት ነው የምትወስጃት?»

የሚበሉት ሁሉ ዞረው አዩአቸው።

«ወደ ቤቴ» አለች ለተክርስቶስ።

«ሌባ ናት! ፖሊስ እጠራለሁ።»

«ይጥሩ ጌታዬ። ጠፍታለች የተባለች ልጅ በውጭ የሚቀረቀር ክፍል አጠገብ እንዴት እንደተገኘች ለፖሊሱ አብረን እንነግረዋለን።»

አቶ እሸቴ ደረጃውን ወረደ። ፊቷ ደርሶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዘመድ የላትም ብለሽ ያመጣሻት አንቺው አይደለሽም?»

«ነኝ» አለች፣ እሷ ግን ጮክ ብላ። «እንዲያ ብዬ ነው የሸጥኩልዎት። በደሉ ከእኔ ይጀምራል።»

እጁን ወደ ልጅቷ ክንድ ሰነዘረ። ይኼኔ ሣሩ ላይ ከተቀመጡት አንዲት ሽማግሌ ሴት እንጀራቸውን አስቀምጠው ተነሡ። አጠገባቸው ያለው አንካሳ ሰውዬም ተነሣ። ከዚያ ሌላው። ቆመው ያዩታል። አቶ እሸቴ ወደ በረንዳው ዞረ፤ እንግዶቹ አቀርቅረዋል። እጁን መለሰ። ዘበኛው በሩን ከፈተው።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በሳምንቱ ለተክርስቶስ ሠራተኛ አስኮብልለሻል ተብላ ተከሰሰችና ሁለት ቀን ታስራ ወጣች። እመቤቶቹም ቤታቸውን ዘጉባት። ድለላውን ትታ ድልድዩ አጠገብ ሽንኩርትና በርበሬ መቸርቸር ጀመረች። አባይነሽ ሳሏ ሲተዋት ፒያሳ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ገብታ ቁልፍ መትከል ተማረች። ማታ ማታ ስለ ደንበኞቹ እያወራች ለተክርስቶስን ታስቃት ነበር።

ለተክርስቶስ ግን በዚያ ዓመት ሌላ ሥራ ያዘች። ከዚያ በፊት ያስቀጠረቻቸውን ልጆች አንድ በአንድ አስታውሳ፣ ያስገባችባቸውን ቤቶች በሮች ማንኳኳት ጀመረች። አንዳንዱ ቤት ልጅቷ ራሷ ወጥታ አቅፋ ሳመቻት። አንዳንዱ ቤት ተሰድባ ተመለሰች፤ በነጋታውም ሄደች። ከአራት ዓመት በፊት ሰገነት የምትባል ልጅ ያስገባችበት ቤት ተሽጦ አዲስ ሰዎች ገብተውበት ነበር። ገረዲቱ የት እንደደረሰች የሚያውቅ አልተገኘም። ለተክርስቶስ የሰገነትን መልክ ለጎረቤቱ ሁሉ ነገረች፤ ግንባሯ ላይ ንቅሳት አላት፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች አለቻቸው። አላየንም ሲሏት፣ «ካያችኋት ጠያቂ አላት በሏት» ብላ ወደሚቀጥለው በር ሄደች።