ልብስ ሰፊ ነኝ ያለው መምህሬ

ነገሩ የሆነው አምና፣ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሊጨመር ነው ተብሎ በራዲዮ በተነገረ ሰሞን ነው። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እኔ ቢቸና መናኸሪያ ተሸካሚ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ሽበት ካወጣሁ በኋላ፣ በማታው የጎልማሶች ትምህርት ነው። ያስተማረኝ መምህር በዕድሜ ልጄ ይሆናል። ወደ ሞጣ ሲዛወር ዕቃውን ጭኜ አብሬው ሄድኩ።

መኪና ላይ «መቼም ጭማሪው ደስ ሳይልህ አይቀርም» አልኩት።

«ጋሼ፣ እስካሁን ያየሁት ጭማሪ የቤት ኪራዩን ነው። ማስተማሩንማ እወደዋለሁ። የሰለቸኝ ባገኘኝ ቁጥር ጋብዘን የሚለኝ ሰው ነው» አለኝ።

ሞጣ ስንደርስ ያገኘነው የቤት ደላላ መጀመሪያ የጠየቀው የመምህሩን ሥራ ነበር። መምህር መሆኑን ሲሰማ «እሱን እዚሁ ተወው» አለው። «አከራዩ ሁሉ ጭማሪውን ሰምቷል፤ መምህር ሲባል ዋጋ ይሰቅላል። ልብስ ሰፊ ነኝ በል።»

እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። መምህሩ አልሳቀም።

ሁለት ቤት ዋጋው አልቀመስ አለን። ዕቃችን ጋሪ ላይ ነው፤ ዝናቡ አንዣብቧል። ሦስተኛዋ አከራይ ጠና ያሉ ሴት ናቸው።

«ሥራህ ምንድን ነው ልጄ?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ሴትዮዋ ጋሪውን ዞረው አዩት። አልጋ፣ ባልዲ፣ በካርቶን የታጨቀ መጽሐፍ።

«የስፌት መኪናህስ?»

ደላላው «ኋላ ይመጣል» አለ።

«በእግሩ?»

አላስቻለኝም። «እትዬ፣ ሰፊ አይደለም፤ መምህር ነው። እኔን በዚህ ዕድሜዬ ስሜን ያስጻፈኝ እሱ ነው። ኪራይ እንዳይጨምሩበት ፈርቶ ነው» አልኩ።

ደላላው በዓይኑ ሊበላኝ ደረሰ። መምህሩ አንገቱን ደፋ። ቤቱን በአፌ ያስቀረሁበት መሰለኝ።

ሴትዮዋ ወደ መምህሩ ዞረው «ጭማሪው እጅህ ገባ?» አሉት።

«አልገባም እናቴ።»

«እጅህ ባልገባ ምኑን ልጨምርብህ? ይልቅ ዝናቡ ሳይመጣ መጽሐፉን አስገቡት» አሉ። ኪራዩንም በድሮው ዋጋ አደረጉለት።

ሴትዮዋን እግዜር ይስጣቸው፤ ከልቤ ነው የምለው። ነገር ግን ሥራውን የሚደብቅ ሌባ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ መምህርም ይደብቃል። አንተ ተሸካሚ፣ ስለ ደመወዝ ምን አገባህ የሚለኝ አይጠፋም። ይበለኝ። ያን ቀን መምህሬ አንገቱን ሲደፋ አጠገቡ የቆምኩት እኔ ነኝ።