ዳጉ የቀረበት ጅብ

ልጅ ሳለሁ፣ አሳይታ ውስጥ፣ ጎረቤታችን አባባ ሁመድ ፍየሎቻቸውን አስገብተው ለትንኙ ኩበት ሲያጨሱ፣ እኔና የልጅ ልጃቸው መሐመድ ከፍሙ ዳር ቁጭ ብለን ተረት እንጠብቅ ነበር። አባቴ ከደጋ የመጣ የቢሮ ጸሐፊ ነው፤ እኔ ግን ከመሐመድ ጋር ስቦርቅ አፋርኛውን እንደ ውሃ ጠጥቼዋለሁ። በዚያ ምላሴ እኮራ ነበር። ይቆረጥ!

ያኔም ሆነ ዛሬ፣ በአፋር ምድር ሁለት ሰው መንገድ ላይ ከተገናኘ ዳጉ ሳይለዋወጥ አይተላለፍም። የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ ማን ታመመ፣ ሁሉም ይጠየቃል፤ የተጠየቀ አይደብቅም፣ አይዋሽም፤ የጠየቀም በተራው ይናገራል። አንድ ቀን ከአባባ ሁመድ ጋር ወደ አፋምቦ በኩል ፍየል ስንነዳ አንድ መኪና አጠገባችን ቆመ። ባለመኪናው አፋርኛ አይችልም፤ ልማዱን ግን ሰምቷል። «አንቺ ልጅ፣ እስቲ ዳጉ ጠይቂልኝ» አለኝ። ጠየቅኩለት። አባባ ሁመድም ቁጭ ብለው፣ ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ እርጥበቱን የሚተውበትን ሜዳ፣ ለድርቅ ብለው ከብት የማያስነኩትን ሣር አንድ በአንድ ነገሩት። እኔ አንዲት ቃል ሳላስቀር አስተረጎምኩ። «አንተስ?» ሲሉት ሰዓቱን አየና መኪናውን አስነሳ።

በዓመቱ ያ ሜዳ ላይ የባለመኪናው ዶዘር ገባ። አባባ ሁመድ ሄደው ሲለምኑትም ያስተረጎምኩት እኔው ነኝ። «ሕዝቡ እየበዛ ነው፤ ማን ያብላው? ለፍየል ተብሎ አገር ይራብ?» አለ። በዚያው ዓመት ዝናብ ጠፋ፣ መሸሻው ሣር የለም፣ ከዚያ ሁሉ ፍየል ሦስት ተረፉ። መሐመድ ወተት እያለ ሲያለቅስ በአጥር እሰማው ነበር።

ከዚያ ወዲያ አባባ ሁመድ የሚያወሩት አንድ ተረት ብቻ ሆነ። ጅብ ፍየሎችን ዳጉ ጠየቀ፤ ፍየሎቹ የሚያድሩበትን ሳይደብቁ ነገሩት፤ ጅቡ የራሱን ሳይናገር ሄደ፤ ተመልሶም ፈጃቸው። «ከዚያስ?» እላቸዋለሁ። ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ፣ «ጅቡ የዳጉ ዕዳ ቀርቶበታል። አንድ ቀን ይመጣል፤ ተረቱ ያን ቀን ያልቃል» ይሉኛል። በፍሙ ብርሃን ዓይናቸውን ሳይ እፈራ ነበር። ተረቱ ሳያልቅ እሳቸው አለፉ፤ አላህ ይዘንላቸው።

ባለመኪናው በዚያ ሜዳ ጥቂት ዓመት በቆሎ አፈሰ። የማፋሰሻ ቦይ ሳይቆፍር ውሃ ሲለቅበት ሲለቅበት ከሥር ጨው ወጣና ሜዳው ነጣ። በቆሎም የለ፣ ሣርም የለ። ጥሎት ሄደ። እኔ የአፈር ትምህርት ተማርኩና ሰመራ፣ የእርሻ መሬት የሚጠየቅበት ቢሮ ተቀጠርኩ። ለአገር ብዬ ነው እያልኩ አልዋሽም፤ እሱን ልጠብቀው ነው።

አምና መጣልኝ! ሸብቷል፤ አላወቀኝም። ለስንዴ አዲስ መሬት ፈልጎ፣ በአገር ሽማግሌዎች ፊት «ሕዝቡ እየበዛ ነው» ብሎ ጀመረ።

«ጋሼ፣ በአገሩ ደንብ መጀመሪያ ዳጉ ይስጡን» አልኩት። «አፋምቦ አጠገብ ያለው እርሻዎ እንዴት ነው?»

ሳቀ። ማንም አልሳቀም።

«በቆሎው ደርሷል? የሜዳው ባለቤቶችስ ደህና ናቸው?»

ላቡን ጠረገ። «ጨው... ጨው በላው» አለ። አንዲት ቃል ሳላስቀር ለሽማግሌዎቹ አስተረጎምኩ። ደስ አለኝ፤ ምን እደብቃለሁ፣ አጥንቴ ድረስ ደስ አለኝ።

ሽማግሌዎቹ የበላበትን ገበታ ሳያጥብ ሌላ አይቀርብለትም አሉ። አሁን በዚያ ሐሩር ቦይ እያስቆፈረ ጨዉን ያጥባል፤ አጥቦ ሲጨርስም ሣሩ ለባለቤቶቹ ይመለሳል። በየወሩ እየሄድኩ አፈሩን እለካና «ገና ነው» እለዋለሁ። ፊቱ ሲጠቁር ሳይ አባባ ሁመድ ከጎኔ የቆሙ ይመስለኛል።

ሰሞኑን ከአሳይታ መውጫ ላይ መሐመድን አገኘሁት፤ ጥቂት ፍየሎች ይነዳል። ዳጉ ጠየቀኝ። ጅቡ መምጣቱን፣ መጠየቁን፣ ላቡን፣ ሁሉንም ነገርኩት። «ይበለው!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ፍየሎቹን አየና «ሣሩስ?» አለኝ።

ዳጉ ላይ አይዋሽም። በየወሩ አፌ ላይ የሚጣፍጠኝ ቃል ያን ቀን መረረኝ።

«ገና ነው» አልኩት።